የቤተ አምሐራ ድምፅ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረበት መንገድ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው ደጋ ዛሬ ለጋምቦ፣ ቦረና፣ ሳይንት፣ ከለላ፣ ወግዲ እየተባለ በወረዳ ተከፋፍሏል። መካነ ሰላም ያለው በዚሁ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ነው። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ፣ በደቡብ ወንጪት የሚያዋስኑት ይህ አገር በመካከለኛው ዘመን አምሐራ ወይም ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ አማርኛም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የአማርኛ ግጥም በእንግሊዝኛ ስለ መነበቡ ሲወራ ወሬው ብዙ ጊዜ ከለንደን ወይም ከአዲስ አበባ ይጀምራል። እኔ ከዚህ ደጋ እጀምራለሁ፤ አማርኛን ለአውሮፓ ሊቅ ያስተማረው ካህን የዚህ አገር ልጅ ነበርና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በዚህ ምድር ተወልደው በሐይቅ እስጢፋኖስ ተምረው ወደዚሁ ተመልሰዋል። መጽሐፈ ምሥጢርን የፈጸሙት በ1424 ሲሆን፣ ያረፉት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። የደረሱት ሰዓታት ዛሬም በየገዳሙና በየደብሩ ሌሊት ይቆማል። ይህ ሁሉ በግእዝ ነው። በግእዙ ዙሪያ ደግሞ የቅኔ ትምህርት አለ። የቆሎ ተማሪው ቀን ቁራሽ ሲለምን ውሎ፣ ማታ ደበሎውን ተከናንቦ ጥጉን ይዞ ቅኔ ይቆጥራል። በነጋታው ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፣ ያቀናዋል። ለአንድ በዓል የተዘረፈ ቅኔ በሌላ በዓል አይደገምም። ሰሚው ከወደደው በቃሉ ይይዘዋል፤ ካልያዘው ከማኅሌቱ ጋር ያበቃል። የዚህ አገር ግጥም ወደ ሌላ ቋንቋ ለመሻገር ለምን ያን ያህል እንደዘገየ ለመረዳት ይህን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሊቃውንቱ ግጥምን በአንደበት ሲያኖሩ እንጂ በብራና ሲያከማቹ አልኖሩም።

አንድ ታላቅ ነገር ግን በብራና ተርፏል። ከዐፄ ዓምደ ጽዮን፣ ማለትም ከ1314 እስከ 1344 ከነገሡት ንጉሥ አንሥቶ እስከ ዐፄ ገላውዴዎስ ድረስ ነገሥታቱን የሚያወድሱ የአማርኛ መዝሙሮች በአንድ የግእዝ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፈው ቆይተዋል። እስካሁን ከምናውቃቸው የአማርኛ ጽሑፎች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድሙት እነርሱ ናቸው። ንጉሡ የረታቸውን አገሮችና ያስገበራቸውን ሹማምንት እየጠሩ ይፎክራሉ፤ አማርኛቸው እጅግ የቆየ በመሆኑ የዛሬ አንባቢ ብቻውን አይዘልቀውም። ማን እንደገጠማቸው አልተጻፈም። ብራናው ኋላ ኦክስፎርድ ገብቶ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ አንባቢ እስኪያገኝም ብዙ ዘመን ጠበቀ።

በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር ቤተ አምሐራ ገባ። ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩትና ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ወርቁ ተፍቆ ተቃጠለ። ከኢማሙ ጋር የዘመተው ጸሐፊ ራሱ የሕንፃውን ግርማ እየተደነቀ መዝግቦታል። ከዚያ ጥፋት ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ኋላ አባ ጎርጎርዮስ የተባለው ልጅ በዚያው በመካነ ሥላሴ ተወለደ።

የአባ ጎርጎርዮስ ሕይወት ከዚህ ታሪክ ሁሉ ልቤን የሚይዘው ክፍል ነው። ከኢየሱሳውያን ጋር ወዳጅነት ስለ ነበረው፣ ዐፄ ፋሲለደስ እነርሱን ሲያባርሩ እርሱም አገሩን ለቅቆ ሕንድ ድረስ ተሰደደ፤ ኋላም ሮም ደረሰ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኤርፈርት ተወላጅ፣ ዕድሜው ሃያ አምስት ገደማ የሆነ ወጣት፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም አገኘው። ሉዶልፍ ግእዝን ከመጻሕፍት ለቅሞ ነበር፤ ከባለቋንቋው አፍ የሰማው ግን ያኔ ነው። የአማርኛ መምህሩም አባ ጎርጎርዮስ ሆነ።

በ1652 የሳክስ ጎታው መስፍን ኧርንስት ካህኑን ወደ ጀርመን አስጠሩት። አባ ጎርጎርዮስ በጎታ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ስለ አገሩ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ቋንቋው ተጠየቀ፤ ሉዶልፍ እየሰማ ጻፈ። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፤ ተናጋሪው ያርማል። የአማርኛ ግጥም ዘመናት ቆይቶ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረውም በዚሁ ዓይነት ሥራ ነው። ካህኑ ግን ፍሬውን አላየም። በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ከእስክንድሩና ወደብ ግድም ሰጥሞ ሞተ። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ የታተሙት ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1698 ነው። በአውሮፓ የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው የቆመው በአንድ የቤተ አምሐራ ካህን አንደበት ላይ ነበር፤ ሉዶልፍም ስሙን እየጠራ መስክሮለታል። ይህን ማድረጉ ያስመሰግነዋል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ሊቃውንት መምህሮቻቸውን ያለ ስም አስቀርተዋልና።

ሉዶልፍ በላቲን የጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681 ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1682 በእንግሊዝኛ ለንደን ላይ ታተመ። የእንግሊዝ ባለቅኔዎች ግን አምሐራ የሚለውን ስም ከዚያም በፊት ይዘውት ነበር። የንጉሥ ልጆች ስለሚታሰሩበት አምባ፣ በአምባሰል ስላለው ግሸን፣ ተጓዦች ያወሩት ወሬ እየተጋነነ ምድራዊ ገነት ወደ መሆን ደርሶ ነበር። ጆን ሚልተን በ1667 ባወጣው «የጠፋው ገነት» ውስጥ የአማራን ተራራ ጠቅሷል። ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ የኢየሱሳዊውን የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 ካሳተመ በኋላ፣ በ1759 «ራሴላስ»ን ጻፈ። ልዑሉ ያደገበትን የደስታ ሸለቆ ያኖረው በአምሐራ መንግሥት ነው፤ ልዑሉን የሚመክረው ኢምላክም ባለቅኔ ነው፤ በመጽሐፉ ስለ ግጥም ምንነት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይናገራል። ኮልሪጅ በ1816 ባሳተመው «ኩብላ ካን» ደግሞ በገና የምትደረድር አንዲት የሐበሻ ልጅ ስለ ተራራ ስትዘፍን ይሰማል፤ የተራራው ስም በእጅ ጽሑፉ ላይ አማራ የሚል ነበር።

እንግዲህ የእንግሊዝኛ አንባቢ ከቤተ አምሐራ አንድ ግጥም ሳይሰማ የቤተ አምሐራን ባለቅኔና ዘፋኝ በራሱ ሰዎች ብዕር ሲያነብ መቶ ሃምሳ ዓመት አሳለፈ። ኢምላክ የሚናገረው የጆንሰንን ሐሳብ ነው። የኮልሪጅ ልጅ ዘፈን ቃሉ አልተጻፈም። ሁለቱንም ሥራዎች እወዳቸዋለሁ፤ ታላላቅ ናቸው። ነገር ግን ስትዘፍን የተባለችው ልጅ በአገሯ ምን ትዘፍን እንደነበር ለመጠየቅ የተነሣ አንድ እንግሊዛዊ በዚያ ዘመን አላውቅም።

በእነዚያው ዓመታት አገሩ ራሱ ተለውጦ ነበር። የቦረናና የሌሎች የኦሮሞ ነገዶች ስም በምድሩ ላይ ቀረ፤ አምሐራ የሚለው የአውራጃ ስም ወደ ሳይንት ተጠግቶ አነሰ፤ ወሎ የሚለው ሰፋ። እስልምና በደጋውም በቆላውም ሥር ሰደደ፤ የወሎ ሊቃውንትም የራሳቸውን ግጥም፣ መንዙማን፣ አመጡ። የጃማ ንጉሡ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ፣ ከእርሳቸው ብዙ ዘመን በኋላም ሼኽ ጠልሓ ጀዕፈር በዚህ መንገድ ስማቸው የሚነሣ ታላላቆች ናቸው። መንዙማው በሚሰማበት ጉባኤ፣ በሐድራው፣ ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጫቱ ይታደላል፤ ድቤው ሲመታ አውጪው ስንኙን ያነሣል፣ ተቀባዩ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። አውጪው ነቢዩን ሲያወድስ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ከተቀባዩ ጋር እየጋለ ይሄዳል። መንዙማው አማርኛ ሆኖ ዐረብኛ የተዋሐደው ነው፤ ሲጻፍም ብዙ ጊዜ በዐረብ ፊደል ተጽፏል። እንዲህ ባለ አገር ቄሱና ሼኩ ጎረቤት ናቸው፤ ቅኔውና መንዙማውም በአንድ መንደር ይሰማሉ። ለተርጓሚ ይህ ሀብት ነው፤ ሥራውንም ያከብድበታል፤ ግእዝ የሚያውቅ ዐረብኛ፣ ዐረብኛ የሚያውቅ ግእዝ ይጎድለዋልና።

ወደ ኦክስፎርዱ ብራና እንመለስ። የነገሥታቱን መዝሙሮች አንብቦ በ1889 ያሳተማቸው ጣሊያናዊው ኢግናስዮ ጉይዲ ነው። ጉይዲ በአማርኛ ጥናቱ የደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስን እገዛ አግኝቷል፤ በ1901 ያወጣው የአማርኛ-ጣሊያንኛ መዝገበ ቃላትም የእኚህ ሊቅ እውቀት አለበት።  ስለዚህ በሮምም ያ የጎታው ሥራ ተደገመ። ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1914 ስለ እነዚሁ የንጉሥ መዝሙሮች ሌላ ሥራ አሳተመ። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1916 የአማርኛ የሕዝብ ዘፈኖችን፣ በ1926 ደግሞ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ መዝሙሮች አወጣ። ማርሴል ኮኸን በ1924 የሸዋን ባለሁለት ስንኝ ግጥሞች በፈረንሳይኛ አቀረበ። እነዚህ ሁሉ ለሊቃውንት የተጻፉ ናቸው። ትርጉሙ የተሰካው ለሰዋስው ምሳሌነት ስለሆነ ግጥሙን ግጥም አድርጎ የሚያነብ ሰው አልታሰበበትም። እንግሊዝኛም በመካከላቸው የለም።

እንግሊዝኛ የገባው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው፤ መጀመሪያም የመጣው በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። ኦክስፎርድ የተማረው ሲራክ ኅሩይ «ራሴላስ»ን ወደ አማርኛ መለሰ፤ ከበደ ሚካኤል የሼክስፒርን «ሮሜዎና ጁልየት» በአማርኛ ግጥም አቀረበ፤ ቀጥሎ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን አመጣ። የእኛ ሰዎች የእንግሊዝን ግጥም በአማርኛ ቤት ሲያስገቡ፣ የእኛን ወደዚያ የሚወስድ እምብዛም አልነበረም። ሲልቪያ ፓንክረስት በ1955 ስለ ኢትዮጵያ ባህል ታሪክ ትልቅ መጽሐፍ አወጣች፤ በማግሥቱ ዓመት አዲስ አበባ መጥታ ከልጇ ከሪቻርድ ጋር «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት ጀመረች። የመንግሥቱ ለማ ተውኔት «ጠልፎ በኪሴ» በዚሁ መጽሔት በእንግሊዝኛ ታትሟል።

በ1965 ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ»ን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሳተመ። ሌቪን የማኅበረሰብ አጥኚ ነው፤ መንዝ ውስጥ ከገበሬ ጋር ኖሯል። ብዙ የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ሰምና ወርቅ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቁት ከእርሱ ነው። ግጥሞቹን የጠቀሳቸው ግን የአማራን ጠባይ ለማስረዳት ብሎ ነው፤ አነጋገሩ ድርብ የሆነ ሕዝብ ዘመናዊ መንግሥት እንዴት ይሠራል የሚለው ጥያቄ ነበር የያዘው። ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ዓመት ያህል ስለ አማርኛ ግጥም በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሁሉ ሰምና ወርቅን ሳያነሣ አያልፍም ነበር። ይህ አሳስቦኛል። ሙሾ አውራጇ ልጇን ስትቀብር፣ ፎካሪው ጦሩን ሲሰብቅ፣ ሙሽራ ስትሸኝ የሚባለው ግጥም ሁሉ ድርብ አይደለም፤ ብዙው ፊት ለፊት የሚናገር ነው።

ተርጓሚውን በእውነት የሚያስቸግረው ሌላ ቦታ ነው። የተለመደው ወል ቤት ስንኙ 12 ቀለም ነው፤ ከስድስተኛው ላይ ትንፋሽ ይወሰድና ስድስት ይቀጥላል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት እንደ መናገር ይቀለናል፤ የግሥ መድረሻዎች እርስ በርስ ይገጥማሉ። እንግሊዝኛ ግሡን መካከል ያኖራል፤ ቤት ልምታ ያለ ተርጓሚ ዓረፍተ ነገሩን እያጣመመ የልጆች መዝሙር አስመስሎት ያርፋል። በዚያ ላይ አማርኛ ከግሡ ብቻ የሚነገረው ለወንድ ይሁን ለሴት፣ ለአንድ ይሁን ለብዙ፣ ለእኩያ ይሁን ለታላቅ ያስታውቃል። የወሎ እረኛ ከማዶ ሆኖ የሚጠራው ማንን እንደሆነ በአንዲት ቀለም እንሰማለን። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይደመስሰዋል፤ ተርጓሚው ያጠፋውን ፍቅር በሌላ ቦታ፣ በስንኙ እርምጃ ወይም በአንድ ምስል ካልመለሰው ግጥሙ ለማን እንደተባለ አይታወቅም።

ይህን ችግር አንዳንዶቹ በእንግሊዝኛ ራሳቸው በመጻፍ ተሻገሩት። ጸጋዬ በ1965 «ኦዳ ኦክ ኦራክል»ን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ፣ በ1966 «ቴዎድሮስ»ን በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በእንግሊዝኛ አወጣ። በአማርኛው ግን በስሙ የሚጠራ ቤት አለው፣ የጸጋዬ ቤት፤ ስምንት በስምንት የሚረግጠው። ያ እርምጃ በእንግሊዝኛው አይሰማም፤ በእንግሊዝኛ ሌላ ጸጋዬ ነው የምናገኘው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን ግጥሞች ይነበቡ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ታምሩ ፈይሳ በ1961 በንጉሠ ነገሥቱ ፊት «ደሃው ይናገራል» ሲል፣ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ስሜት በየትኛውም ቋንቋ በወረቀት አይያዝም። ሰሎሞን ዴሬሳ በ«ልጅነት»፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሥዕሉም በግጥሙም የአማርኛውን ስንኝ ከወል ቤት አወጡት። አብዮቱ ብዙዎቹን በተናቸው። ገብረ ክርስቶስ በ1981 ኦክላሆማ ሎውተን ውስጥ ሞተ፤ ገጣሚው ገሞራው ስዊድን ቀረ፤ ሰሎሞን ሚኒያፖሊስ ኖረ። ገጣሚዎቹ ወደ እንግሊዝኛው ዓለም ሄዱ፤ ግጥማቸው ግን በአማርኛው ቀረ።

ወሎ ደግሞ በእንግሊዝኛው ዓለም ዳግመኛ ስም አገኘ፤ ያሳዝናል። በ1973 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የወሎን ረሃብ አሳየ። በጥቅምት 1984 ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን ዞረ። የሚልተን ምድራዊ ገነት በነበረው ስፍራ የአጽም ምስል ተተካ። ያኔም ተራቢው አልተናገረም፤ ከሥሩ የሚነገረው ድምፅ የጋዜጠኛው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ ዘፋኞች ለረሃቡ መርጃ ባወጡት ዜማ፣ የገና በዓል መሆኑን ያውቁ ይሆን ብለው ጠየቁ። የዜማው ገቢ ሕይወት አትርፏል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ጥያቄው ግን የተጠየቀው የገና ሌሊት ማኅሌት ከብዙ ትውልድ ወዲህ ስለሚቆምበት አገር ነው።

መልሱ በ1998 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት መጣ። ገጣሚውና መምህሩ ፈቃደ አዘዘ «ያልተሰሙ ድምፆች» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አወጣ። ከቤተ አምሐራ በስተ ደቡብ በሚገኘው በሰሜን ሸዋ ያሉ ገበሬዎች ስለ ድርቅ፣ ስለ ረሃብና ስለ እግዚአብሔር የተናገሯቸውን ቃል ግጥሞች ሰብስቦ ተረጎማቸው። ገበሬው በነዚያ ግጥሞች አምላኩን ይሟገታል፤ ይወቅሰዋል፣ ይለምነዋል፣ ዝም ያለበትን ምክንያት ይጠይቀዋል። ልጁን የቀበረ ሰው በሁለት ስንኝ የሚናገረውን ያህል የቴሌቪዥኑ ምስል አይናገርም። የዚህ መጽሐፍ ተርጓሚ ከሕዝቡ ወገን መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ግጥሞቹንም ለራሳቸው ሲል ተረጎማቸው እንጂ ለሰዋስው ወይም ለጠባይ ጥናት ምሳሌ አላደረጋቸውም።

ለአጠቃላዩ አንባቢ የሚሆነው መጽሐፍ ደግሞ ከለንደን ተነሣ። ክሪስ ቤኬት በ1960ዎቹ ልጅነቱን አዲስ አበባ ያሳለፈ እንግሊዛዊ ገጣሚ ነው። ዓለሙ ተበጀ ለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛና ገጣሚ ነው። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ በተዘጋጀበት ክረምት፣ ገጣሚው ሳይመን አርሚቴጅ «ፖየትሪ ፓርናሰስ» የተባለውን ጉባኤ በሳውዝባንክ ሴንተር አሰናዳ፤ ከየኦሊምፒክ አገሩ አንድ ገጣሚ እንዲመጣ ተጋበዘ። የኢትዮጵያው ወኪል የማንኩሳው ልጅ በዕውቀቱ ሥዩም ነበር። በመክፈቻው ቀን የቺሊው የካሳግራንዴ ቡድን 100,000 ግጥሞችን ከሄሊኮፕተር በቴምዝ ዳር በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ አዘነበ፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ይቀልብ ነበር። በዚያው ዓመት የበዕውቀቱ ግጥሞች በቤኬት ተርጓሚነት «ኢን ሰርች ኦፍ ፋት» በሚል ርእስ ለንደን ላይ በትንሽ መጽሐፍ ወጡ። በዕውቀቱ ለመተርጎም ይመቻል፤ ግጥሙ አጭር ነው፣ ቀልዱም ሐሳቡም በቃል ጨዋታ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም። በሚቀጥለው ዓመት ቤኬት የራሱን «ኢትዮጵያ ቦይ»ን አሳተመ። እዚያ ውስጥ የኢትዮጵያን ሙገሳና ፉከራ አካሄድ በእንግሊዝኛ ሞክሮታል፤ ተርጓሚ ሆኖ የሰማውን ገጣሚ ሆኖ በራሱ አፍ ለመደው ማለት ነው። የኋላ ትርጉሙ ጉልበት ያገኘው ከዚህ ይመስለኛል።

ዓለሙና ቤኬት አብረው የደከሙበት መጽሐፍ በ2020 በማንችስተሩ አሳታሚ በካርካኔት ወጣ። ርእሱ «ሶንግስ ዊ ለርን ፍሮም ትሪስ» ይባላል፤ ከዛፎች የምንማራቸው ዜማዎች እንደ ማለት ነው። አሳታሚው የአማርኛ ግጥም የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መድበል ብሎ አቀረበው። አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ላይ ተቀምጦ ለሉዶልፍ ሲናገር ከነበረበት 368 ዓመት አልፎ ነው። መድበሉ ሕዝባዊና መንፈሳዊ መዝሙሮችን፣ የጀግና ፉከራን፣ የሴትና የንጉሥ ሙገሳን፣ ስለ ዘመናዊ የውኃ ቧንቧ የተባለውን ሳይቀር ይይዛል፤ ከዚያ ወደ ከበደ ሚካኤል፣ ወደ ጸጋዬ፣ ወደ ሰሎሞን፣ ወደ ገብረ ክርስቶስ፣ እስከ ዛሬዎቹ መድረክ ላይ እስከሚያነቡት ገጣሚያንና በአውሮፓና በአሜሪካ እስካሉት ልጆች ይደርሳል። ተርጓሚዎቹ ቤት መምታቱን ለማስገደድ አልሞከሩም። በእንግሊዝኛ ሲነበብ ድምፁ ይሮጣል፣ ይጣራል፣ ይስቃል፤ መጽሐፉ ሲከፈት የሚሰማው ስለ ኢትዮጵያ የሚያስረዳ ሰው ሳይሆን የሚዘፍን ሰው ነው።

በእነዚያው ዓመታት ሌላም ጎዳና ተከፍቷል። ገጣሚዋ ልዩ ሊብሰቃል በ2014 የብሩነል ዩኒቨርሲቲን የአፍሪካ የግጥም ሽልማት ስትወስድ በቀጥታ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ይዛ ነው፤ ተርጓሚ አላስፈለጋትም። የከተማው ገጣሚ ዛሬ አንዱን ወይ ሌላውን መንገድ ያገኛል። ያልተሻገረው የደጋው ነው። የወሎን መንዙማ በእንግሊዝኛ ለማሰማት ዐረብኛውን የሚለይ፣ አማርኛውን ከነወሎ ለዛው የሚያውቅ፣ በእንግሊዝኛ መግጠም የሚችልም ያስፈልጋል፤ ይህን ሁሉ አንድ ሰው ሊይዘው አይችልምና ሁለት ወይም ሦስት ሰው አብሮ መቀመጥ አለበት። ሙሾውም፣ የሠርጉ ዘፈንም፣ የእረኛውም ጥሪ እንዲሁ ነው። የዓምደ ጽዮንን መዝሙር የገጠመው ሰው ስሙ ጠፍቷል። ዛሬ ከቦረናና ከሳይንት የሚሰበሰበውን ግጥም ያወጣችው ሴት ወይም ያወጣው ሽማግሌ ግን በሕይወት አሉ፤ ፈቃዳቸው ተጠይቆ ስማቸው ከስንኛቸው በላይ ሊታተም፣ የድካማቸውም ዋጋ ሊከፈላቸው ይገባል። አማርኛውም በፊደሉ ከእንግሊዝኛው ትይዩ ገጽ ላይ ይቀመጥ፤ መጽሐፉ ወደ መንደራቸው ሲመለስ የልጅ ልጃቸው የቱ ስንኝ የእርሳቸው እንደሆነ ጣቱን አስቀምጦ ያነብላቸው ዘንድ።